ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት የይለፍ ቃል

በመምህርነት ዘመኔ ከተማሪዎች አፍ አብዝቼ የሰማሁት ጥያቄ "መምህር፣ ይጻፋል?" የሚለው ነው። ሰሌዳው ላይ ያሰፈርኩት ነገር ደብተር ላይ የሚገለበጥ ኖት ነው ወይስ ለማብራሪያ ያህል ተጽፎ የሚጠፋ ለማለት ነው። "ይጻፋል" ካልኩ ስድሳ ምናምን አንገት ባንዴ ይደፋል፤ ማስመሪያ ይወጣል፤ ርእሱ ሥር በቀይ እስክሪብቶ ይሰመራል። "አይጻፍም" ካልኩ ክንዶች ይታጠፋሉ፤ ዓይኖች ወደ መስኮቱ ይሄዳሉ። የተጻፈ ፈተና ላይ ይመጣል፣ ያልተጻፈ አይመጣም፤ ሕጉ ይኸው ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ ከዚህ የተለየሁ አልነበርኩም። ታዲያ አንድ ቀን ይህችን ጥያቄ ሳላስብበት በመመለሴ አንዲት ተማሪዬ ከትምህርት ገበታ ልትነሳ ለጥቂት ተረፈች።

እንጅባራ የተመደብኩት በአይሲቲ መምህርነት ነው። አይሲቲ ያን ጊዜ ገና አዲስ ስለነበር ትምህርቱን የሚያስተምረው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ይህ ደግሞ ልቤን ሳያሳብጠው አልቀረም። ኮምፒውተር የተበላሸበት ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል፤ ርእሰ መምህሩ እንኳ ስልካቸው "አልከፈት" ሲላቸው ያስጠሩኛል። የኮምፒውተሩ ክፍል ቁልፍ ከኪሴ አይለይም ነበር። እንጅባራ ዝናቡም ጭቃውም አያልቅበትምና ተማሪዎች ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው በካልሲ እንዲገቡ አዝዤ ነበር። ጭቃ የነካ ካልሲ ካየሁ እቆጣለሁ። አሁን ሳስበው ያንን ሁሉ የምቆጣው ለኮምፒውተሮቹ ብዬ ነው ወይስ ለራሴ ክብር፣ መለየት ያቅተኛል።

በአንደኛው ዓመት ባሕር ዳር ለሦስት ቀን ሥልጠና ተላክሁ። ርእሱ ተማሪዎች ኢንተርኔትን በጥንቃቄ እንዲጠቀሙ ማስተማር ነው። አሠልጣኙ ደጋግመው የነገሩን ስለ ይለፍ ቃል ነበር። ስማችሁን አታድርጉ፣ የልደት ቀናችሁን አታድርጉ፣ መዝገበ ቃላት ውስጥ የሚገኝ ቃልም አታድርጉ፤ ሌባው መዝገበ ቃላቱን ከዳር እስከ ዳር የሚሞክር ማሽን አለው አሉን። ወደ እንጅባራ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለልኝ። የአካባቢያችን ቋንቋ አዊኛ የትኛው የሌባ መዝገበ ቃላት ውስጥ ይገኛል? የትም! ደስ ብሎኝ ብቻዬን ፈገግ አልኩ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ቀና ብለው አዩኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። እኔ ዳንግላ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ በገበያ ቀን አዊኛ በየጋሪው ላይ፣ በየሱቁ ደጃፍ ሲነገር እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ግን እቤታችን የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነበር፤ ለመማርም አልሞከርኩ። ቁጥር እንኳ እስከ አምስት በቅጡ አልቆጥርም። ስለዚህ አዊኛ ለእኔ ምስጢር ነበር። ለእኔ ምስጢር የሆነ ነገር ለሁሉም ምስጢር መሰለኝ።

በማግሥቱ መምህራን ማረፊያ ክፍል ሄድኩና አዊኛ አፍ መፍቻው የሆነውን የሒሳብ መምህር፣ ቀርከሃ በአዊኛ ምን እንደሚባል ጠየቅሁት። ነገረኝ። ደገምኩለት፤ ሳቀ። "አሁን የጠራኸው ነገር ምን እንደሆነ እኔም አላውቀው" አለኝ። ከሦስት ሙከራ በኋላ "እሺ፣ ይሁን" አለና "ለምን ፈለግኸው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ለይለፍ ቃል። ምስጢር ነው" አልኩት።

"እዚህ አገር ልጅ አፉን ሲፈታ የሚያውቀው ቃል ምኑ ነው ምስጢሩ?"

እንደ ልማዱ እየቀለደብኝ መሰለኝና ጥዬው ወጣሁ።

ከሰዓት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። ስለ ይለፍ ቃል ያለኝን ሁሉ በጥሩ ሞቅታ አስረዳሁ፤ ቀልዱም እያመረልኝ ነበር። በመጨረሻ ጠመኔዬን አንስቼ "ጥሩ የይለፍ ቃል ማለት ለምሳሌ እንደዚህ ያለ ነው" ብዬ ያንን የአዊኛ ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩት፤ ከኋላው የዓመቱን ቁጥር አስከተልኩለት። ቃሉን ጮክ ብዬ ሳነበው ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። በአነጋገሬ ነው የሳቁት፤ እኔ ግን በብልሃቴ የተደነቁ መስሎኝ አብሬ ሳቅሁ። ሳቁ በረድ ሲል ከፊት ወንበር ያቺ የተለመደችው ጥያቄ መጣች።

"መምህር፣ ይጻፋል?"

"አዎ፣ ይጻፋል" አልኩ።

ስድሳ ምናምን አንገት ተደፋ።

በሚቀጥለው ሳምንት በቡድን በቡድን ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል አስገባኋቸው። ተማሪዎቹ የሚፈልጉት ፌስቡክ ስለነበር በፌስቡክ ላይ የክፍሉን ግሩፕ ከፈትኩ፤ ኖትና የመለማመጃ ጥያቄ ልለጥፍበት አስቤ ነው። ስልክ ያለውም የሌለውም እዚያው አካውንት አወጣ። ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ፣ መብራቱ አንዴ ጠፍቶብን፣ በሁለት ሳምንት ሁሉም ተመዘገቡ። ለሁሉም ግድግዳው ሥር እያቆምኩ በስልኬ ፎቶ አነሳሁላቸው። "አሁን የይለፍ ቃላችሁን ጻፉ" ስል አንዳንዶቹ ደብተራቸውን ገልጠው ሲያዩ አይቻለሁ። ያን ዕለት ያየሁት ትጋታቸውን ብቻ ነበር።

ለጥቂት ተረፈች ያልኳችሁ ልጅ ከእነሱ አንዷ ናት። ቤተሰቦቿ የሚኖሩት በዘንገና በኩል ነው፤ ገበሬዎች ናቸው፣ አባቷ የዲከረንስ ዛፍ ተክለው ከሰል ያከስላሉ። እሷ ከሁለት የሰፈሯ ልጆች ጋር ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትማር ነበር፤ አርብ አርብ በእግሯ ወደ ቤት ሄዳ እሑድ ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች። ዝምተኛ ናት። ኪቦርድ ላይ ግን ጣቶቿ ከሁሉም ይፈጥኑ ነበር። ስልክ አልነበራትም፤ ፌስቡክን የምታየው በእኔ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው።

ለብሔራዊ ፈተናው ጥቂት ወራት ሲቀሩት አንድ ሰኞ ጠዋት ርእሰ መምህሩ አስጠሩኝ። ቢሮ ስገባ ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ተቀምጠዋል። አባቷ ናቸው። ርእሰ መምህሩ ስልካቸውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው "ይኼ ያንተ ኢንተርኔት ያመጣው ነው" አሉኝ።

በልጅቷ ስም፣ እኔ ባነሳኋት ፎቶ ሥር እንዲህ የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል፦ "ትምህርት በቃኝ። ከባጃጅ ሹፌር ጋር አንድ ቤት ገብቻለሁ። አባቴ ከሰሉን ይሽጥ፤ እኔን አይፈልገኝ።"

ቅዳሜ ገበያ ላይ ስማርት ስልክ የያዙ ጎረምሶች ለአጎቷ አሳይተዋቸው፣ ከአጎቷ ለአባቷ ደርሶ፣ ከዚያ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ያልሰማ ሰው አልቀረም።

"እኔ አልጻፍኩትም" አለች ልጅቷ፣ መሬት መሬቱን እያየች።

እኔ ደግሞ የተማርኩትን ለማሳየት ቸኮልኩ። "የይለፍ ቃልሽን ለማን ሰጠሽ?" አልኳት።

"ለማንም አልሰጠሁም።"

"ሳትሰጪ ማን ሊገባ ይችላል? እንዳትሰጡ ብዬ አላስተማርኩም?"

"አስተምረውናል። አልሰጠሁም፣ መምህር።"

ተቆጣሁ። ርእሰ መምህሩ ፊት፣ አባቷ ፊት፣ "እንግዲያው ራስሽ ነሽ የጻፍሽው፤ በሩ ካልተከፈተ ሰው አይገባም" አልኳት። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። አባቷ የእኔን ሲሰሙ ተነሱ። አማርኛቸውን ረጋ እያደረጉ፣ "መምህሩም ካሉ እንግዲህ ምን ቀረ። መልቀቂያዋን ስጡኝ፤ ይዣት ልሂድ" አሉ።

ርእሰ መምህሩ ልጅቷን ያውቋታል፤ ውጤቷንም ያውቃሉ። መዝገብ የሚይዘው ሰው ዛሬ የለም፣ ወረቀቱ ነገ ይደርሳል ብለው አባትየውን አሳመኗቸው። ሰውየው ከተማው ውስጥ ዘመድ ጋ አድረው ጠዋት ሊመለሱ ሄዱ።

ጽሑፉ ይጥፋ ብዬ ልጅቷን ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል ወሰድኳት። አካውንቷን ከፍታ እንድትገባ ጠየቅኋት፤ የይለፍ ቃሉ ጋ ስትደርስ ጣቶቿ ቆሙ።

"ዞር ልበልልሽ?" አልኳት፣ አሁንም በቁጣ።

"አያስፈልግም። እርስዎ ያውቁት የለ" አለችኝ።

"እኔ? እኔ በምን አውቄ?"

ከቦርሳዋ ደብተሯን አወጣች። ገጹን ገለጠችልኝ። "ጥሩ የይለፍ ቃል" ይላል ርእሱ፤ ሥሩ በቀይ ተሰምሯል። ከዚያ በታች በጥንቃቄ በተጻፈ የእንግሊዝኛ ፊደል ያ የአዊኛ ቃል ከነቁጥሩ ቁጭ ብሏል።

"ይጻፋል ብለውን ነበር" አለች።

"ለምሳሌ ነው ያልኩት እኮ!" አልኩ፤ ወዲያው ግን ምሳሌ ማለት ለእነሱ ምን እንደሆነ ገባኝ። ሒሳብ ላይ ምሳሌ አንድ ይጻፋል፣ ምሳሌ ሁለት ይጻፋል፤ ፈተናው ላይ የሚመጣውም ያው ምሳሌው ነው። እኔ ደግሞ ጥሩው ይኸ ነው ብዬ በራሴ እጅ ጽፌላቸዋለሁ። ጥሩው ካለ ማን ሌላ ይፈልጋል?

ከሰዓት ክፍል ገባሁና ሳልቆጣ፣ እንደ ቀላል ነገር አድርጌ፣ "ሰሌዳው ላይ የጻፍኩላችሁን የይለፍ ቃል የተጠቀመ እጁን ያውጣ" አልኩ። እጆች መውጣት ጀመሩ። ከፊት ወጡ፣ ከመሃል ወጡ፣ ከኋላም ወጡ፤ ከግማሽ በላይ ነበሩ። የቤት ሥራውን እንደሠራ ሰው ኮራ ብለው ነበር የሚያወጡት። ቃሉን እንዴት እንዳስታወሱት ብጠይቅ ሁሉም ሳቁ። ቀርከሃ እኮ ነው፣ መምህር! የየቤታቸው አጥር በእሱ ነው የታጠረው። እኔ የማልችለውን ቋንቋ ማንም አይችለውም ብዬ፣ ቋንቋው አፍ መፍቻቸው ለሆነ ልጆች አንድ ቁልፍ ለሁሉም አድዬአለሁ።

ጽሑፉ ከየትኛው ስልክ እንደተጻፈ ለማወቅ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ከክፍሉ የትኛውም ልጅ፣ የክፍሉን ልጅ ደብተር ያየ የትኛውም ሰው ሊሆን ይችላል። እስከ ዛሬም አናውቅም።

እውነቱን ልናገርና፣ በመጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ዝም ማለት ነበር። የዚያን ዓመት የደረጃ እድገት እጠብቅ ነበር። በዚያ ላይ ደግሞ ውርደቱ አለ፤ ያ የሒሳብ መምህር ቢሰማ ዓመቱን ሙሉ መሳቂያ ነው የሚያደርገኝ። ጽሑፉ ጠፍቷል፣ የይለፍ ቃሏም ተቀይሯል፤ ልጅቷ ብትሄድ ፈተናውን በሌላ ዓመት ትፈተናለች ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። ግን ተመልሳ እንደማትመጣ አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ወሬ የወጣባት ልጅ ቤት ከገባች ቀጥሎ የሚመጣው ባል ነው፤ ሁላችንም የምናውቀው ነው። አፈርኩ። በራሴ ክፉኛ አፈርኩ።

ጠዋት አባትየው ሲመጡ በር ላይ ጠበቅኋቸው። "አባቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አልኳቸውና እንደምንም አስረዳኋቸው። ፌስቡክ ምን እንደሆነ፣ የይለፍ ቃል ምን እንደሆነ፣ እኔ ሰሌዳ ላይ ምን እንደጻፍኩ። ቃሉን ስጠራላቸው ግንባራቸውን ቋጠር አድርገው "ምን?" አሉ። ደገምኩት። ገባቸው። የመሳቅ ነገር ከንፈራቸው ላይ መጣና ጠፋ።

"እንግዲያው የቤቷን ቁልፍ ለአገሩ ሁሉ የሰጡት እርስዎ ነዎት ማለት ነዋ?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ከዚያ "ይኸን እዚህ ለእኔ ቢነግሩኝ ምን ያደርግልኛል? የሰማው ሰው እዚህ የለ። እሑድ ይምጡና እዚያው ይናገሩልኝ። ልጅቱም እስከዚያ ከቤት ትቆይ" አሉኝ። መልቀቂያውን ሳይጠይቁ ልጃቸውን ይዘው ሄዱ።

በሳምንቱ ውስጥ የክፍሉን ልጆች የይለፍ ቃል ሁሉ አስቀየርኩ። ምንም ምሳሌ አልሰጠሁም። ሰሌዳ ላይም አልጻፍኩ። እየመረጡ ሳለ በሩን ዘግቼ ውጭ ቆሜ ጠበቅኋቸው።

እሑድ በባጃጅ እስከ መገንጠያው ሄድኩና ቀሪውን በእግር መንገድ ወጣሁ። ቅዳሴ ወጥቶ ሰዉ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነበር። አባትየው ሽማግሌዎቹ ፊት አቆሙኝ። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ እሳቸው ወደ አዊኛ ይመልሳሉ። ልጅቷ ከሴቶቹ መሃል ከእናቷ ጎን ተቀምጣለች። እንዴት እንደሳትኩ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። የቀርከሃውን ቃል ስጠራ ግቢው ሁሉ ሳቀ፤ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ደጋገሙት። ሲስቁ ቀለለኝ።

ሳቁ ሲያልቅ አንድ አዛውንት በትራቸውን ተደግፈው በአማርኛ ጠየቁኝ።

"ሰው ሁሉ መግባት እንደሚችል ሰማን። እሷ አለመጻፏን ግን በምን አወቁ? አይተዋል?"

የማልጠብቀው ጥያቄ ነበር። አላየሁም። ማስረጃም የለኝም። ሌላ ሰው ሊጽፈው ይችል ነበር ማለት እችላለሁ እንጂ እሷ አልጻፈችውም የሚያሰኝ ነገር በእጄ የለም። ግን አባትየው እያዩኝ ነው፤ እናትየውም እያዩኝ ነው።

"አልጻፈችም። እኔ አውቃለሁ" አልኩ።

አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። "መምህሩ ካሉ በቃ" አሉ። ወደ አዊኛ መለሱት፤ ከወዲያ ከወዲህ የእሺታ ድምፅ ተሰማ። አባትየው ወደ እኔ ዞረው፣ "ነገ ትመጣለች" አሉኝ። አንዲት ሴት የልጅቷን ትከሻ ስትነካ አየሁ። በዚህች አጭር ጊዜ ተፈታ፤ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ነገር።

አባትና ልጅ እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። አባትየው የሚያውቁት ሰው አግኝተው ሰላምታ ሲለዋወጡ ወደ ኋላ ቀሩ፤ እኔና ልጅቷ መንገዱ ዳር ቆመን ባጃጅ መጠበቅ ጀመርን። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ራሴን ይቅር ብያለሁ፤ ጥቂትም ኮርቻለሁ።

"አየሽ አይደል? እውነቱ ሲነገራቸው አመኑ" አልኳት።

ስትናገር ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረበትም፤ ክፍል ውስጥ ጥያቄ እንደምትጠይቅ ተማሪ ነበር የምትናገረው።

"መምህር፣ እርስዎ እኮ አላዩም።"

"አላየሁም" አልኩ።

"እኔ አልጻፍኩም ብዬ ለአባቴ የነገርኳቸው ወሬው የተሰማ ዕለት ነው። ለእናቴም ነግሬያለሁ፣ ለእርስዎም ቢሮ ውስጥ ነግሬያለሁ። እርስዎ ዛሬ ያሉት ያንኑ ያልኩትን ነው።"

ባጃጁ መጥቶ ቆመ። ሹፌሩ "እንጅባራ ነዎት?" አለኝ። ራሴን ነቅንቄለት ገባሁ።